ከግራ በኩል ወጋችው

የካ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? የአሰላ ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ አንቺን አሰብኩ። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ሳትሰስቺ ተቀቢው፤ መድኃኒት እንደ ቅርስ የማስቀመጥ ልማድሽን አውቃለሁ። እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴ ሳማትልኝ ብላለች። እኔም ያው ነኝ፤ ግፊቴ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቁጣዬ ግን ዝቅ ብሎ አያውቅም። ጉርድ ሾላ ያለው መሥሪያ ቤቴ ተቀምጬ የሰው ረቂቅ ሳርም እውላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የሕግ ባለሙያ «ጋሼ፣ ለአንዲት ፊደል ብለው ይህን ሁሉ ወረቀት ይመልሱብናል?» ቢለኝ፣ በአንዲት ፊደል ርስቱን ያጣ ሰው አሳይሃለሁ ብዬ ከቢሮ አስወጣሁት። ይህን ያልኩት ከኅዳር ሚካኤል በፊት ነው። ያኔ እንዲሁ ለማስፈራራት ነበር የተናገርኩት።

ስልክ ያልደወልኩት በምክንያት ነው። በስልክ አንቺ «እ?» ትያለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። የምነግርሽ ነገር ደግሞ የሚጮህ አይደለም። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው፤ ለማንም አታስነብቢ። የምታውቂውንም ጭምር ከሥሩ ነው የምጽፈው። ጎዶሎ ጽሑፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ኅዳር ሚካኤልን እንደ ወትሮው በአባታችን ቤት አከበርን። ቤቱ አልተለወጠም፤ ጓሮውን አልፎ ሽቅብ ባሕር ዛፉ ይጀምራል። ከላይ ግን አገሩ ሌላ ሆኗል። አባታችን የድኩላ ዱካ ያሳየን በነበረበት ጠርዝ አሁን ብስክሌተኞች የራስ ቁር አድርገው ይጋልባሉ። ድኩላ ብቅ ቢል የሚነሣው ጦር ሳይሆን ስልክ ነው። አልከፋኝም፤ እኔ አውሬ ይገደል የምል ሰው አይደለሁም። አደኑ ቀርቷል፣ ወጉ ግን አልቀረም፤ እኔ እያለሁም አይቀርም።

የቤታችንን ሥርዓት ለአንቺ መንገር ድፍረት ነው፤ ቢሆንም ልጻፈው። ገዳይ ስለ ራሱ አያወራም፤ ሌላ ያወራለታል። አውሬው ቀድሞ ላደማው ሰው ነው እንጂ ለጨረሰው አይደለም። ያደማበት ጦር ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ልጅ መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ በተራኪው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ተራኪው ሲጨርስ «እማኝ?» ይላል፤ በቦታው የነበረ ሰው «አይቻለሁ» ካላለ ወጉ ባዶ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አይጨመርም፤ አይቀነስም። ሰፈሩ ውስጥ ስንት ቤት አለ፣ አያታቸው የገደለው ጅብ በየዓመቱ እያደገ አሁን በሬ አህሏል። የእኛ ነብር ግን ከአብዮቱ በፊት ከዋሻ ሚካኤል በላይ የወደቀ ዕለት በነበረው ልክ ነው። አንድ ጣት አልጨመረም። በዚህ እኮራለሁ፤ ሰው ትዕቢት ይበለው።

ዘንድሮ ኃይለጊዮርጊስ ጦሩን ጠየቀ። የጋሽ ዲንሳ ልጅ፣ የአጎታችን። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ የባህል ምግብ ቤት ከፍቷል፤ ጦሩን መግቢያው ላይ ሊሰቅለው አስቧል። ከሥሩ የሚለጠፈውንም ሰሌዳ አስቀርጾ ይዞ መጣ፤ «የነብር ገዳዩ የአቶ ዲንሳ ጦር» ይላል። ከጎኑ የነብር ሥዕል አለ፤ ሥዕሉ አንበሳ ይመስላል። ይህንም ነገርኩት።

እንዳልሰጠው ምክንያት አልነበረኝም። ወጉን አባታችን ካረፈ ጀምሮ የምተርከው እኔ ነኝ፤ በእኔ አተራረክ ደግሞ ያደማው ጋሽ ዲንሳ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ ይሟላ፣ እማኝ ይጠራ አልኩ። ኃይለጊዮርጊስ ሳቀ፤ «ጋሼ፣ ጦር እኮ ነው፣ ሲኖትራክ አይደለም። ሊብሬ ይፈልጋል እንዴ?» አለኝ። ይፈልጋል አልኩት። በሕይወት ያለው እማኝ አንድ ብቻ ነው፤ ያን ቀን አብሯቸው የወጣው አባ ቶሌሳ። አባታችን ካረፈ በኋላ ወጉን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረክሁ ቀን ከመካከል ተነሥቶ ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ ቤታችንን ረግጦ አያውቅም። ያን ጊዜ የተቆረጠለት ሥጋ አንሶበት ነው ተባባልን። እኔም አመንኩ። እንዲህ ያለ ሰው በሥጋ የሚቀየም መስሎን!

ሱሉልታ ድረስ ሰው ላክሁበት። በበዓሉ ዕለት ምሳ ሊነሣ ሲል በበሩ ገባ። ከዘራውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሰላምታ ሳያቀርብ፣ «ድሮ በዚህ ተራራ ተሻግሬ ለቁርስ እደርስ ነበር፤ ዛሬ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ለፍርፋሪ ደረስኩ። ይህን ነው ሥልጣኔ የምትሉት?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ቀይ ወጡ ቀረበለት፤ ሳይቸኩል በላ። ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ከአያትም ከየካ አባዶም የመጡ ነበሩ፤ የልጅ ልጅሽ ሀሴትም ከዩኒቨርሲቲው መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ጦሩን አወረድኩት። መተረክ ጀመርኩ።

ወጉን ታውቂዋለሽ። ሆኖም አባታችን ይናገረው በነበረበት ቃል ልጻፈው፤ «ነብሩ ጥጃ ከበላ ሳምንት ሆነው። እኔ፣ ዲንሳና ቶሌሳ ወጣን። ውሻዋ ቀደመች፤ ጮኸች። ምሳ ደረሰልን፤ ሳንቀምሰው ነብሩ ከቁጥቋጦው ወጣ። ሁለተኛው ጦር ባሕር ዛፉ ላይ ተደግፎ ነበር። ዲንሳ ተኮሰ፤ ሳተ። ነብሩ እኔ ላይ ወጣ። ከግራ በኩል ወጋችው። ደማ። ዲንሳ ደግሞ ተኮሰ፤ ጨረሰው።» ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለውም።

እዚህ ላይ፣ «ወጋችው» ሲል፣ እንግዳው ሁሉ ይስቅ እንደነበር ትዝ ይልሻል። «ወጋው ይበሉ እንጂ ጋሼ!» ይሉታል። የአባታችን አማርኛ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርግ ነበርና ማንም አልተጠራጠረም። የቀበሌውን ሊቀመንበር «ተቀመጪ» ያለው ሰው ነው። እኔን «ነይ አንቺ ልጅ» እያለ አሳድጎኛል፤ የሰፈሩ ልጆች በዚህ ሲያሾፉብኝ ስንቱን በድንጋይ እንደፈነከትኩ አንቺ ነሽ የምታውቂው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር ዳኛ የሚያስደምም ሰው፣ በተማረው ቋንቋ ስለተሳሳተ ሲሳቅበት አሁንም ደሜ ይፈላል። ሲስቁበት ግን አይቆጣም ነበር። «እሺ፣ ተምራችኋል» ይልና በዓመቱ ያንኑ ይላል፤ ወጋችው።

እኔ ስረከበው «ወጋው» አልኩ። ሰዋስዉ ትክክል ነው። አየሽ፣ የማዕርግ ተመራቂ ያረመው ዐረፍተ ነገር ነው! ባለቤት ያልተጠቀሰበት ግስ ከፊቱ ያለውን ሰው ይይዛል፤ ከፊቱ ያለው ዲንሳ ነው። በዚህች አንዲት እርማት ነብሩ ለዲንሳ ሆነ።

እንግዲህ ያን ዕለትም «ወጋው» ብዬ ጨረስኩና «እማኝ?» አልኩ። አባ ቶሌሳ አጥንቱን ይግጣል። ደገምኩ። አጥንቱን አስቀመጠ፤ እጁን ጠረገ። «ያንተን አላየሁም» አለ። «ያባትህን ነው ያየሁት።»

ኃይለጊዮርጊስ ቀልድ መስሎት «አባ፣ ጆሮዎ ደክሟል» አለው።

«ጆሮዬን ተወው» አለ ሽማግሌው፤ «የተጠየቀው ዓይኔ ነው።»

ከዚያ ቆመ። በዚያ ቤት ወጉ ለእናታችንና ለጎረቤት ሲባል ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የሚነገረው። አባ ቶሌሳ ግን በኦሮምኛ፣ አባታችን በሱሉልታ ለወገኖቹ ይናገረው በነበረው ቃል፣ ከጥጃው ጀምሮ ወረደው። እኔና አንቺ ለሰላምታና ለግብዣ ያህል እንጂ ቋንቋውን አልያዝነውም፤ ለዚህም የሚከሰሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቀን አጣራለሁ። ብቻ ግማሹ ሰው ይሰማል፣ ግማሹ አፉን ከፍቶ ያያል። አንዲት ቃል ላይ ሲደርስ የኃይለጊዮርጊስ ሚስት ጫልቱ ቀና አለች። «አባ፣ ዋራንቴ ነው ያሉት?» አለችው። «ዋራንቴ» አለ፤ በከዘራውም ወለሉን መታ።

ጫልቱ ወደ ባሏ ዞረች። «ወንድ ቢሆን ዋራኔ ይሉ ነበር። ሴት ናት የወጋችው» አለችው።

እታለም፣ አባታችን በአማርኛ ሊሳሳት ይችላል። በእናቱ ቋንቋ አይሳሳትም።

ወጉን በልቤ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ረቂቅ እንደማይ። ዲንሳ ተኮሰ፤ ልክ ነው። ውሻዋ ጮኸች፤ ሴት ውሻ ነበረች፣ ልክ ነው። ነብሩ ወጣ፤ ልክ ነው። ምሳ ደረሰልን ይላል፤ ማን እንዳደረሰላቸው ግን አይልም። ሰውዬው ሊቀመንበርን ሴት ያድርግ እንጂ፣ በዚህ ወግ ውስጥ አንድም ጾታ አላጠፋም። እንደ ጸሎት ነበር የያዘው። ስንት ዓመት ሰምቼው ይህን አለማየቴ እንጀራዬን ያስነቅፍብኛል።

ኃይለጊዮርጊስ ፊቱ ተለዋወጠ። «አባቴ ውሸታም ነው እያላችሁኝ ነው?» አለ። አባ ቶሌሳ ለስለስ ብሎ መለሰለት፤ «አባትህ አንድ ቀን ተነሥቶ ሲፎክር ሰምተሃል? ይህን ጦር ስጡኝ ሲል ሰምተሃል?» አለው። አልሰማም። ማናችንም አልሰማንም። ጋሽ ዲንሳ በዚያ ቦታ ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር፤ እኛም ትሕትናው ነው እያልን ስናደንቀው ኖርን። እኔም ለልጁ የሚገባውን ተናገርኩ፤ ነብሩን የጨረሰው አባትህ ነው፣ ያለ ሁለተኛው ጥይት ማናቸውም አይተርፉም ነበር፣ ይህን ማንም አይነካበትም አልኩት። ሰሌዳውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ። ጫልቱ አልተከተለችውም፤ «ይመለሳል፣ የመኪናው ቁልፍ እኔ ጋ ነው» ብላ ተቀመጠች።

ሴትየዋ ማን ናት ብሎ የጠየቀ አለ። አባ ቶሌሳ ስም እንደማይጠራ ተናገረ። እናታችን በዚያው ሰሞን ሽማግሌዎች ከአሰላ መጥተው ስለነበር፣ ነብር የወጋች ልጅ ማን ያገባታል ብላ አልቅሳ፣ ሦስቱንም ስሟን እንዳይጠሩ አስምላቸዋለች። አባታችንም ማለ። «ስሟን አልጠራም ብሎ ነው የማለው» አለ አባ ቶሌሳ፤ «ወንድ ነው እላለሁ ብሎ አልማለም።»

ይህን ሲል ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አልዋሽሽም፣ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነበር ያሳደገን! ለሚስቱ የገባውን መሐላ ጠብቆ፣ ለእውነቱም ሳይዋሽ፣ እየተሳቀበት፣ በአንዲት ግስ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ቆመ። ሌላው ሰው ሐውልት ያቆማል፤ እሱ አንዲት «ች»ን አቆመ።

ወጉን እንደገና ተረክሁ። የሱን ቃል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። «ከግራ በኩል ወጋችው። ደማ» ብዬ፣ እሱ ዝም ይልበት በነበረበት ቦታ ዝም አልኩ። እዚያ ላይ ሁልጊዜ ወደ ጓዳው በር ያይ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ጠላ የጠማው ይመስለን ነበር። ቤት ውስጥ ስንት ሴት እያለ ከአሰላ የመጣችው እንግዳ ማሰሮውን ይዛ ትወጣለች፣ ለሱ ቀድማ ትቀዳለች፣ እሱም ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀብሎ «እጅሽ ይባረክ» ይላል። በየዓመቱ፣ እዚያው ቦታ ላይ። አንድ ቀን ጠላው ሆምጥጦ እንኳ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ እኛ ስንስቅ ነበር።

ወደ ጓዳው በር አየሁ። ማንም አልነበረም። «ዲንሳ ደግሞ ተኮሰ፤ ጨረሰው» ብዬ ፈጸምኩና «እማኝ?» አልኩ።

አባ ቶሌሳ ከዘራውን ከፍ አድርጎ «አይቻለሁ!» አለ፤ ያ ሁሉ ዓመት በደረቱ ይዞት የኖረው ድምፅ ነው። ጦሩን መልሼ ሰቀልኩት። ባለቤቷ ስትጠይቅ ትወስደዋለች አልኩ።

በዓሉ ሲበተን ሀሴት ተከትላኝ ወደ ጓሮ ወጣች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች። «አያቴ በበጋም በጸሐይም እጅጌ ረጅም ነው የምትለብሰው። ግራ ክንዷን አንድ ቀን ሳጥባት አየሁት፤ ድስት ተገልብጦብኝ ነው አለችኝ። የፈላ ውኃ ግን እንደዚያ በመስመር በመስመር ያቃጥላል እንዴ?» እኔ እናታችን ስለዚያ ድስት ስታወራ ነው ያደግሁት። ለልጂቱ ሄደሽ ራሷን ጠይቂያት አልኳት። «ሲሪየስሊ?» አለችኝ። ሲሪየስሊ አልኳት፤ ምን ላድርግ።

አሁን ቁጣዬን ልጻፍ፤ ሳልቆጣ የጨረስኩት ደብዳቤ የኔ አይመስልሽም። የተቆጣሁት በሳቁት ላይ ነው፣ በሰዋስው ላይ ነው፣ ከሁሉ ይልቅ ግን በአንድ ሰው ዝምታ ላይ ነው። ሰው እንዴት አባቱን ከነብር ጥፍር አውጥቶ፣ በየዓመቱ ያንኑ ወግ እየሰማ፣ ሌላው ሲጨበጨብለት ጠላ ይቀዳል? እንዴት አንዴ እንኳ ማሰሮውን አያስቀምጥም? እናታችን ካረፈች ስንት ዘመኗ ነው፤ መሐላው የማን ነበርና ነው እስከ ዛሬ የጠበቀው? ይህን ጥያቄ ለአንቺ የጻፍኩት ታላቄ ስለሆንሽ ነው። መልስ እንድትጽፊልኝ አይደለም።

ኃይለጊዮርጊስ ትናንት ደወለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። ሰሌዳውን ሊያስለውጥ ነው፤ «ነብሩን የጨረሰው አቶ ዲንሳ ብል እማኙ ይቀበላል?» አለኝ። ይቀበላል አልኩት። የነብሩን ሥዕል ግን አሁንም አስተካክል አልኩት። የጦሩን ነገር አላነሣም። ጥሩ ልጅ ነው፤ ችኩል ብቻ ነው።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነይልኝ። መኪና እልክልሻለሁ፤ ጉልበትሽ እንዳይጎዳ ከፊት ወንበር ትቀመጫለሽ። ምንም እንድትናገሪ አልጠይቅሽም፤ እኔም ስም አልጠራም፣ የአባቴን መሐላ አልሰብርም። ወጉን እተርካለሁ። ቦታው ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ፤ ወደ ጓዳው በርም አያለሁ። ከፈለግሽ ጠላ ይዘሽ ውጪ። ከፈለግሽ ማሰሮውን ለሌላ ሰጥተሽ ባዶ እጅሽን ውጪ፤ ጦሩ ከተሰቀለበት እንዳትንጠራሪ ዝቅ አድርጌዋለሁ። አባ ቶሌሳም ቃል ገብቷል፤ «እስከ ሰኔ አልሞትም፣ ሥራ አለብኝ» ብሏል።

በሁለቱም መንገድ የምልሽ አንድ ነው፤ አባታችን ጽዋውን ሲቀበል ይልሽ የነበረውን።

ሚካኤል ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የልጅ ልጆችሽ ደጅሽን ያሙቁልሽ። የአሰላ ብርድ ይራቅሽ። ያ ግራ ክንድሽ ዕድሜ ይስጠው፤ ጸሐይም ይንካው።

ታናሽ ወንድምሽ፣
የባለጦሯ ወንድም